ቆጣሪ

ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ከንፈር የበላው ድንጋይ አለ፣
ስንት ሺህ ሰው ስሞት ጠርዙ የተድበለበለ።
እኔም በየማለዳው ነጠላዬን አጣፍቼ፣
እስመዋለሁ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አፌን አስነክቼ።
አንድ ቀን አላጎደልኩም፤ ክረምት ቢሆን፣ ቢያመኝ፣
ከሠራተኛ ሰፈር ዳገቱ ቢያደክመኝ።

ያን ሰሞን እሑድ
መምህሩ ስለ ፍቅር ሲሰብኩ፣ ማይኩ እየተቆራረጠ፣
ቀድሜ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ፣ ልቤ እየቀለጠ።
«ባልንጀራህን» ሲሉ የማውቀውን ሰው ሁሉ አሰብኩ፤
ክርስትና ልጄን፣ የዕቁብ ጸሐፊዋን፣ ሁሉንም ወደድኩ።
አንድ ሰው ብቻ ዘለልኩ፤

ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖረውን።
ግድግዳ ስል ችፑድ ነው፤ ጋዜጣ የለበሰ፣
ከሥሩ እርጥበት የበላው፣ ጥግ ጥጉ የፈረሰ።
አቶ ዘውገ ይባላል፤ የማተሚያ ቤት ጡረተኛ፣
ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ጣቱ ዛሬም ቀለመኛ።
አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም። ምክንያቱ ውሃ ነው።
የጋራ ቆጣሪ፤ በአንድ ወር አርባ ሰባት ብር ጨመረ፤ ማን አፈሰሰው?
«አንቺ ነሽ» አለ። «አንተ ነህ» አልኩ። ቀበሌ ሄድን፤
ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሻይ ጠጥተን ተለያየን።
ከዚያ ወዲህ ቧንቧው ጋ ስደርስ ባልዲውን ሲያነሳ አያለሁ፤
እኔም በሩን ሲከፍት ቁልፍ የጠፋኝ እመስላለሁ።

ችፑድ ግን ምስጢር አይይዝም፤ ሁሉን እሰማለሁ፤
የማንኪያውን ድምፅ፣ የራዲዮኑን ሰዓት አውቃለሁ፤
ከንስሐ አባቱ ይልቅ ሌሊቱን እኔ አውቅለታለሁ።
ሳሉን በተለይ፤ በዘጠኝ ሰዓት የሚጀምረውን፣
እንደ አሮጌ ላዳ ዳገት ላይ የሚንገታገተውን።
ስንቴ ረገምኩት!

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ።
ነቃሁ። ሳል የለም።
«ተመስገን» አልኩ። ዞርኩ። ተከናነብኩ።
እንቅልፍ ግን አልመጣም።
ግድግዳውን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት፤ ምንም።
በመዳፌ፤ ምንም።
የተነሳው እግሬ ነው። ልቤ ገና አልጋ ላይ ነበር።
አልደብቅም፤ በሩን ስገፋ እንኳ የታሰበኝ አርባ ሰባት ብር።

መሬት ላይ ወድቋል፤ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣
ሽንቱ፣ ሰገራው... ዓይኑ ብቻ አፍሮ፣ ሌላው ሁሉ ከድቶት።
ፍቅር ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ያ እሑድ ያስለቀሰኝ፤
የመጣው ማቅለሽለሽ ነው፤ አፍንጫዬን ያስያዘኝ።
ባልዲ አነሳሁ። ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ያንኑ ቧንቧ።
አጠብኩት፤ እግሩን፣ ጭኑን፣ የሚያፍርበትን ሁሉ።
ደግሜ ቀዳሁ። ደግሜ።
ቆጣሪው በጨለማው ሲዞር ይሰማኛል።
ስንት እንደደረሰ አላየሁም።
በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ሌሊት ብቻ
ሳልቆጥር ውሃ ቀዳሁ።

ሽብሩ፣ የቤቲንጉ ቤት ዘበኛ፣ በዝናብ ላዳ አቁሞ፣
እኔ እግሩን ይዤ፣ እሱ ትከሻውን ተሸክሞ፣
ራስ ደስታ ደረስን። ነርሷ ብዕሯን አንስታ፦
«ምኑ ነሽ?» አለችኝ፤ ያለ ይሉኝታ።
ሚስት አይደለሁ። እህት አይደለሁ። ወዳጅ እንኳ።
«ጎረቤቱ» አልኩ፤ ቃሉ ዝጎ ጉሮሮዬን ላጠው።

ሲነጋጋ በግማሽ አፉ ሊናገር ሲታገል አየሁት፤
ይቅርታ ነው ብዬ ጆሮዬን አፉ ላይ ደፋሁት።
«ቧንቧውን... ዘግተሽዋል?» አለኝ።

ሳቅኩ። እያለቀስኩ ሳቅኩ፤ ይህ ደግሞ የእሑዱ ዓይነት እንባ አልነበረም።
እውነቱን ነው፤ አልዘጋሁትም።

ስመለስ ጊዮርጊስ ደጅ ቆምኩ፤
እጄ በረኪና ይሸታል፣ ቀሚሴ ጭቃ፤ አልተሳለምኩ።
ድንጋዩን ከሩቅ አየሁት፦ ይህን ሁሉ የሳመ አፍ
ቤቱ ሲገባ ስንት ግድግዳ ይሆን በዝምታ የሚያልፍ?

አሁን ጥቅምት ነው። አቶ ዘውገ በከዘራ ይራመዳል፤
የዚያን ወር ሂሳብ እኩል አንከፍልም ብሎ ይከራከራል።
ሳሉም ተመልሷል፤ በዘጠኝ ሰዓት፤ ያናድደኛል።
ትራሴን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ፤
ቆየት ብዬ ደግሞ፣ ሳላስበው፣
ከአንዱ ጆሮዬ ላይ አነሳዋለሁ።